ጤነኛው እግር

የትምህርት ቤቱ ደንብ አጭር ነበር፤ የአጥንትና የመጋጠሚያ የቃል ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። እሷ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ለሦስተኛው አሥራ አንድ ቀን ቀርቷታል።

የጣላት አለማወቅ አልነበረም። በጽሑፍ ፈተና ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ ወረቀቷን የምትመልሰው እሷ ነበረች። ፈታኞች ፊት ስትቆም ግን፣ አጥንቱ መዳፏ ላይ እያለ፣ ስሙ ከጉሮሮዋ ተነስቶ ምላሷ ጫፍ ሲደርስ ይጠፋል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው በእሷ ደረሰ። በመጀመሪያው ፈተና የተረከዙን አጥንት በጉልበቱ ስም ጠራችው። በሁለተኛው አራት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላ ስትቆም ዋናዋ ፈታኝ፣ «ውሃ ጠጪና ሂጂ» አሏት። አብረዋት ፊዚዮቴራፒ የሚማሩት ልጆች መጀመሪያ ሰሞን አጽናኗት። በኋላ ግን መንገድ ላይ ሲያገኟት ስለ አየሩ፣ ስለ አውቶቡሱ ማውራት ጀመሩ። ሐዘንተኛ እንደሚያጫውቱት።

የቀራት ክፍል ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ነው። እግር ሃያ ስድስት አጥንት አለው፤ እሷን ሁልጊዜ የሚያሰናክላት ግን አጥንቶቹ ሳይሆኑ አንድ ቦታ ነበር፤ አውራ ጣት ከእግሩ ጋር የሚገናኝበት፣ ሰው ሲራመድ ከመሬት የሚላቀቅበት መጋጠሚያ። እዚያ ስትደርስ እንደ በቅሎ ቀጥ ትላለች።

ትምህርት ቤቱ ሁለት የእግር አጽም ነበረው። የአንዱ ሽቦ ተበጥሶ ጣቶቹ ጠፍተዋል። ደህናው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥና ለስድሳ ተማሪ በሳምንት አንድ ከሰዓት ይወጣል። እሷ ተራ ደርሷት ስትነካው ከኋላዋ ያለው ተማሪ ሰዓቱን ያያል። ቤት ውስጥ አጥንት የላትም። ወንድሟ ነበራት።

ወንድሟ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል። እናታቸው ስትሞት እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፀጉሯን ያበጠረላት፣ ለወላጅ ስብሰባ የሄደላት፣ ስትዋሽ የቆጣት እሱ ነው። ጋሼ ትለዋለች። ሥራው ወለል ላይ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም «ውሃ ልክ» ይባላል፤ ሌላው መሣሪያ አስቀምጦ የሚያረጋግጠውን የወለል ልክ እሱ በዓይኑ አይቶ ስለሚናገር። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። አልተሳሳተም ማለት አይቻልም፤ ግን ተሳስቶ የያዘው ሰው የለም።

እሑድ ጠዋት እግሩን ታጥቦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ቀኙን በርጩማው ላይ አወጣው። እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ቆዳው ላይ መስመር ማስመር ጀመረች።

«እጅሽን መጀመሪያ አሙቂው እንጂ። ሬሳ አይደለሁም።»

«ሬሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ጋሼ። አይለፈልፍም።»

«እንግዲያው ሬሳ ፈልጊያ። እኔ እሑዴን ነው የሰዋሁልሽ።»

ከተረከዙ ተነሳች። የመጀመሪያዎቹን ሰባት አጥንቶች ሳትደናቀፍ ጠራች። ረጃጅሞቹን አምስቱን ጠራች። አውራ ጣቱ ሥር ስትደርስ ቆመች።

«አንደኛው… ሜታ…»

«ቀስ በይ። ሴራሚክ ነው ብለሽ አስቢው። አንዱ ሳይቀመጥ ሁለተኛውን አታነሺም።»

«ሜታታርሶ… ፋላንጂያል… መጋጠሚያ።»

«ይኼ የአንድ ቦታ ስም ነው? የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ ስም መሰለኝ።»

ሳቀች። ከዚያም አስረዳችው። መጋጠሚያ የራሱ ስም የለውም፤ የሚጠራው በሚያገናኛቸው በሁለቱ ጎረቤቶች ስም ነው። ከወዲያ በኩል ረጅሙ የእግር አጥንት ሜታታርሳል አለ፤ ከወዲህ በኩል የጣቱ አጥንት ፋላንክስ አለ። ሁለቱን ስም አጣብቆ መጥራት ነው። አንደኛው የተባለው ከአውራ ጣት ጀምሮ ስለሚቆጠር ነው።

«እና ራሱ ስም የለውም?»

«የለውም።»

«ሰውየውን ሁሉ ተሸክሞ።» ራሱን ነቀነቀ። «እኛ አገር ይሄ ወዛደር ይባላል።»

ከሥሩ ደግሞ ሁለት ትናንሽ አጥንቶች እንዳሉ ነገረችው። ከሌላው ጋር ሳይያያዙ ጅማት ውስጥ ተቀምጠው የሚኖሩ ናቸው፤ ሰሰሞይድ ይባላሉ፣ ስማቸው የወጣው ከሰሊጥ ነው። በአውራ ጣቷ ከታች ተጫነችና አገኘቻቸው።

«ሰሊጥ? ሽንብራ ያክላሉ እኮ። ስም ያወጣው ሰውዬ ወይ እግር አላየም፣ ወይ ሰሊጥ አላየም።»

«አሁን ጣትህን ልቀቀው። ወደ ላይ ላጥፈው ነው።»

አውራ ጣቱን ይዛ ወደ ላይ ገፋች። ጥቂት ሄደና ቆመ። ደግማ ገፋች። ዕቃ የተደገፈበት በር እንደሚቆም ነበር የሚቆመው። ከመጋጠሚያው በላይ ደግሞ ቆዳው ሥር ጠንካራ ነገር ጉብ ብሏል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አጥንት ነዋ። አጥንት አይደል የምትማሪው?»

«እዚህ ላይ ነው የሚቆመው?»

«የት ይሂድልሽ ታዲያ?»

መምህራቸው ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ትዝ አላት፤ «የጠረጠራችሁትን አወዳድሩ። ታማሚው ሁለተኛ እግር ይዞላችሁ መጥቷል።» ግራውን እግር በርጩማው ላይ አወጣችና አጠፈችው። ያው ነው። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ጉብታውም እዚያው ነበር። ሁለቱ እግሮች እንደ አንድ ፋብሪካ ሴራሚክ ልክ ለልክ ናቸው።

ከዚያ ካልሲዋን አውልቃ የራሷን ሞከረች። ጣቷ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ወደ ሰማይ ቀና አለ።

«የኔ ግን ይኸው። ጋሼ፣ እየው እስቲ።»

አየው። ከዚያ የራሱን እግር አየ።

«አንቺማ ጎማ ነሽ» አለ። «በልጅነትሽ የእጅሽን አውራ ጣት ቀልብሰሽ ክንድሽ ላይ እያስተኛሽ የጎረቤት ልጅ አታስለቅሺም ነበር? እናታችን ይቺ ልጅ አጥንት ረስተውባታል ትል ነበር። የሰው ልክ የኔ ነው። ሁለቱንም አይተሽ የለ?»

እውነት ነበር፤ የእጇ አውራ ጣት ዛሬም ይቀለበሳል፣ የክፍል ጓደኞቿም ይስቁባታል። ትምህርት ቤቱ ያባዛላት ማስታወሻ ስለ መጋጠሚያው እንቅስቃሴ አንዲት መስመር ብቻ ነበረው፤ «መጠኑ ከሰው ሰው ይለያያል» የምትል። እሷም ከሥሩ በእስክሪፕቶ ጻፈች፤ «ወደ ላይ ጥቂት። ከላይ ጉብታ አለ፤ ቦታው በእሱ ይለያል።»

ስታጥፈው አንሶላውን ጨብጦ የነበረውን እጁን አላየችም። ዓይኗ እግሩ ላይ ነበር።

ሕመሙ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውለው የጣቶቹን ጫፍ መሬት ላይ ተክሎ፣ ተረከዙ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። መላ ክብደቱ ያረፈው በዚያ ስም በሌለው መጋጠሚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ያንገበግበው ነበር፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሆነ፤ ከዚያ መታጠፉን ተወ። ለማንም አልተናገረም። ባለፈው ዓመት ፎርማኑ አንድ ጉልበቱን የታመመ አንጣፊን፣ «እዚህ የጡረታ ቤት የለኝም» ብሎ ሲያሰናብት አጠገቡ ቆሞ ነበር። ከፎርማኑ ይልቅ የፈራው ግን እህቱን ነው። አንድ ጊዜ በሳንባ ምች ሲተኛ፣ ሳትነግረው ትምህርቷን ትታ ሱቅ ተቀጥራ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ደርሶበት ክንዷን ይዞ ነው የመለሳት። እግሩን ብታውቅ ምን እንደምታደርግ ያውቃል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው።

በቀሩት ቀናት ከሥራ ሲገባ እግሩን ታጥቦ በርጩማው ላይ ያወጣላት ጀመር። እሷም ሳታይ፣ በጣቷ እየዳሰሰች ትጠራለች። በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ታጥፈዋለች። ስሙ ከዳሰሳው ጋር ተጣበቀ፤ ጉብታውን ስትነካ ምላሷ ራሱ ይንቀሳቀሳል። በሰባተኛው ቀን አንድም ጊዜ ሳትደናቀፍ ሃያ ስድስቱንና መጋጠሚያዎቹን ጨረሰች። እሱ አጨበጨበ። ላብ ግንባሩ ላይ ነበረ፤ ድካም መሰላት።

በፈተናው ቀን ጠዋት እሱ ቀድሞ ወጣ። የሚሠራበት አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የረጅም ኮሪደር ወለል ጀምሯል፤ ሐሙስ ያስረክባል።

«ስትጨርሺ እዚያ ነይ» አላት በሩ ላይ። «እርግጠኛ ነሽ ወይ ይሉሻል። ለማስደንገጥ ነው። ያልሽውን አትልቀቂ።»

የፈተናው ክፍል ሁለት መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የምርመራ አልጋ አለው። ዋናዋ ፈታኝ ተማሪው «የአጥንት አለቃ» የሚላቸው ዶክተር ናቸው፤ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት አዛውንት መምህር የተማሪውን መልስ በቀለም ይጽፋሉ። አልጋው ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ተቀምጠዋል። ፈተናው ሁለት ክፍል ነው፤ ስም መጥራትና ሕያው ሰው መመርመር። ሁለቱንም ማለፍ ግድ ነው።

አጽሙ ተሰጣት። በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኗን ጨፈነችና የወንድሟን እግር አሰበች። ከተረከዙ ተነሳች። ስሞቹ አንድ በአንድ መጡ። አውራ ጣቱ ሥር ስትደርስ ትንፋሽ ወሰደች።

«አንደኛው ሜታታርሶፋላንጂያል መጋጠሚያ። ከሥሩ ሁለት ሰሰሞይድ አጥንቶች አሉ።»

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩአት። ዶክተሯ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ያቺ ውሃ ያጠጣኋት ልጅ ነሽ?»

«ነኝ ዶክተር።»

«ውሃው ሠርቷል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ክፍል አልፈሻል።»

አጽሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራችው ይኼንን ነበር፤ አልፏል። የቀረው በእጅ ነው፤ እጇን ደግሞ ታምነዋለች።

«አባት አንድ እግራቸው ታሟል፤ አንዱ ጤነኛ ነው» አሉ ዶክተሯ። «የታመመው መጋጠሚያ የትኛው እግር ላይ እንዳለ ትነግሪናለሽ፤ ምክንያትሽንም። አባት አይናገሩም፣ ፊታቸውንም አይቋጥሩም። ተስማምተናል። አሥር ደቂቃ አለሽ።»

ቀኙን ያዘች። ጣቷ ወዲያው ጉብታውን አገኘው። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ገፋች፤ ጥቂት ሄዶ ቆመ። ቤቷ የገባች ያህል ተሰማት። ግራውን ያዘች። ጉብታ የለም። መጋጠሚያው የት እንደሆነ እንኳ ፈልጋ ነው ያገኘችው። ወደ ላይ ስትገፋው ሄደ፣ ሄደ፣ ቀና አለ። ደነገጠች። እንደዚህ የሚታጠፍ ጣት ያየችው የራሷን ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ጎማ ናት። እኚህ ሽማግሌ ጎማ አይደሉም። ጅማቱ ተበጥሶ መሆን አለበት። ደግማ አወዳደረች። ቀኝ፣ ግራ። ቀኝ፣ ግራ።

ፖስተኛው ሳሉ። ደግመው ሳሉ።

«አባት፣ ወደ መስኮቱ ይመልከቱ» አሉ ዶክተሯ።

«መስኮቱ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ለዚህ ነው።»

እሷ ተነሳች። «የታመመው ግራው ነው። አንደኛው ሜታታርሶፋላንጂያል መጋጠሚያ ላልቷል፤ ከልክ በላይ ይታጠፋል።»

የአዛውንቱ ብዕር ወረቀቱን ሳይነካ ቆየ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ወንድሟ ያለው ደረሰ። «እርግጠኛ ነኝ።»

ብዕሩ ጻፈ።

«ቀኙስ?» አሉ ዶክተሯ።

«ቀኙ ጤነኛ ነው። ከላይ ያለው ጉብታ የመጋጠሚያው መለያ ነው። ወደ ላይ ትንሽ ነው የሚታጠፈው።»

«ይኼን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። በወንድሜ እግር ነው ያጠናሁት። ሁለቱንም እግሩን አወዳድሬአለሁ ዶክተር፤ አንድ ዓይነት ናቸው።»

«ወንድምሽ ሥራው ምንድን ነው?»

ለምን እንደሚጠይቋት አልገባትም። «ሴራሚክ አንጣፊ ነው።»

«ስንት ዓመት ሠራ?»

«ሃያ ሁለት።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ ሆነው፣ አስረዷት። በዚህ መጋጠሚያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቁጭ ያለ ሰው በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለው ለስላሳ ልባስ ያልቅበታል። ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ሲፋተግ ከላይ ትርፍ አጥንት ያበቅላል፤ ጉብታው እሱ ነው። በሁለቱም እግር ላይ እኩል ቁጭ ካለ በሁለቱም ላይ እኩል ይመጣል። «ማወዳደርሽ ልክ ነው። ያወዳደርሽው ግን ሕመምን ከሕመም ጋር ነው።»

ወደ ፖስተኛው ዞረች። «አባት፣ ያማል?»

ሽማግሌው ዶክተሯን በዓይናቸው አስፈቀዱ።

«ሲታጠፍ ነው? ልጄ፣ አሁን ስታጥፊው ምላሴን ነክሼ ነው የቻልኩት። ዝም በሉ ተባልኩ፣ ዝም አልኩ።»

ዘጠኝ ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ ሁለቱንም እግር። ልትቆጥረው ጀምራ ተወችው። ግንባሩ ላይ ያየችው ላብ ትዝ አላት።

«ቀኙ ነው» አለች። «የታመመው ቀኙ ነው።»

«አሁን እንደምታውቂ አውቃለሁ።»

«ስሙን በትክክል ጠርቻለሁ ዶክተር። ሁለቱንም ጊዜ።»

«ጠርተሻል።»

አዛውንቱ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞሩት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልጄ» አሉ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስሉ ነበር።

«ሦስተኛዬ ነው» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ሌላ ዕድል የለኝም። እባክዎ።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አሉ ዶክተሯ። «እኔም ብሆን ግን አወጣው ነበር። ነገ ሰው እግሩን ይዞ ይመጣልሻል። የታመመውን ትተሽ ጤነኛውን ስታክሚለት፣ ወረቀት ማረም አይጠቅመውም።» ከዚያ ሌላ ወረቀት ስበው አጠር አድርገው ጻፉ። «ይኼ የፈተናው አይደለም። ወንድምሽን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ክሊኒክ አምጪው። እኔው አየዋለሁ።»

ወደ ሕንፃው በእግሯ ሄደች። አውቶቡስ ቢመጣም አልተሳፈረችም። የስንብቱ ደብዳቤ በሳምንት ውስጥ ይደርሳታል፤ እስከዚያ ያላት የዶክተሯ ወረቀት ብቻ ነው። መንገድ ላይ የምትለውን ደጋግማ አዘጋጀች። እውነቱን ብትነግረው እኔ ጣልኳት ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል። ካልነገረችው ሐሙስ ክሊኒክ አይመጣም። ምላሴ ተሳሰረ እለዋለሁ አለች፤ ያምነኛል፣ ሁለት ጊዜ አምኖኛል። የእግሩን ነገር ደግሞ ለብቻው፣ ሌላ ጉዳይ አስመስዬ እነግረዋለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው አናት ላይ ሲሚንቶ የሚያቦካው ሰውዬ አካፋውን ተደግፎ ነበር።

«የውሃ ልክ እህት መጣች። ዶክተርዬ፣ ይኼን ወገቤን አንድ ጊዜ ብታይልኝ።»

«ሌላ ቀን» አለችው።

«ሁሉም ሐኪም ሌላ ቀን ነው የሚለው። በርቺ፣ ለምደሽዋል።»

ወንድሟ ኮሪደሩ መሃል ጀርባውን ሰጥቷት ይሠራል። ቆማ አየችው። ሲሠራ መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ ዛሬ ግን እግሩን አየች። ቀኝ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ በጠርዙ አስተኝቶታል። ግራው ሥር የታጠፈ ማዳበሪያ አድርጓል። ወደሚቀጥለው ሴራሚክ ለመሄድ በጣቶቹ አይገፋም፤ በሁለት እጁ መሬቱን ተደግፎ እንደ ሕፃን በመቀመጫው ይሳባል። ሌሎቹ አንጣፊዎች ከወዲያ ጥግ በተረከዛቸው ላይ ቁጭ ብለው ያፏጫሉ።

«ጋሼ።»

«አለፍሽ?» አለ ሳይዞር።

«ወደቅኩ።»

የያዘውን ሴራሚክ አስቀመጠ። በጎማ መዶሻው አራት ማዕዘኑን መታ መታ አደረገ። «ምላስሽ ነው?»

«ምላሴ ነው።»

«እኔ ላይ እንደ ውሃ ስታወርጂው ነበር እኮ።»

«ሰው ፊት ሌላ ነው።»

የግንበኛ ማንኪያውን ሲሚንቶ ውስጥ ከቶ ለሚቀጥሉት ሁለት ሴራሚኮች የሚሆን መሬቱ ላይ ዘረጋ። እጁ ልኩን አልሳተም። «እንለምናቸዋለን። እኔ ራሴ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

«አይሆንም ጋሼ። አልቋል።» ወረቀቱን አወጣች። «ሐሙስ ጠዋት ግን አንዲት ዶክተር እግርህን ልይ ብለዋል።»

«የኔን እግር ከየት ያውቁታል?»

ስህተቷን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። «ነገርኳቸው። በእግርህ እንዳጠናሁ።»

አሁን ዞረ። ፊቷን አየ፤ ወለል እንደሚያይ፣ መሣሪያ ሳይዝ።

«የምትመረምሪው ሰው ነበረ?»

«ነበረ። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ።»

«ሁለቱንም እግር አሳዩሽ?»

«አሳዩኝ።»

ማንኪያውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «የቱን አልሽ?»

ወረቀቱን በጣቶቿ አጠፈችው።

«እቱ። የቱን አልሽ ነው የምልሽ።»

«ጤነኛውን።»

የዘረጋው እግሩ እንደተዘረጋ፣ እጁ ማንኪያው አጠገብ እንዳለ ቀረ። ከደረጃው በኩል የአካፋው ድምፅ ይሰማል።

«ጎማ ነሽ ብዬሽ» አለ ቆይቶ።

«እኔም አላመሳከርኩም።»

«ከማን ጋር ልታመሳክሪ? ሁለቱንም አሳየሁሽ።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ የሲሚንቶ መስመር ጉንጩ ላይ ቀረ። «ትምህርቱን ትተይዋለሽ ብዬ ነው።»

«እተወው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ይኸው ተውኩት።»

ይኼን በማለቷ ወዲያው ተጸጸተች። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሷን አቧራ ነካው።

«ያምህ ነበር?» አለችው። «ሳጥፈው።»

«ይቅር አሁን።»

«ያምህ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

«ያመኛል። እና ምን ላድርግ? ሳትደናቀፊ ስትጠሪው እሰማለሁ፣ ነገ ደግሞ ትቀጥላለች እላለሁ። አንድ እግር ምንድን ነው ብዬ።» ማንኪያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «አንድ እግር ምንድን ነው ብዬ ነው።»

«ውሃ ልክ» አለ ፎርማኑ ከኮሪደሩ ጫፍ። «የዘረጋኸው እየደረቀብህ ነው እኮ።»

ሁለቱም የተዘረጋውን ሲሚንቶ አዩ። ጠርዙ ነጣ ማለት ጀምሯል። የቀሩት ሁለት ሴራሚኮች ግድግዳው ጥግ ተደግፈዋል። ሊያነሳቸው እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። ተስቦ ሊሄድ መሬቱን ተደገፈ፤ ከዚያ ተወው።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት?»

«ሦስት።»

«ሐሙስ ርክክብ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካዩኝ ያስተኙኛል። ካስተኙኝ ይሄ ሰውዬ አይጠብቀኝም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አንቺም ትምህርት የለሽም፣ እኔም ሥራ የለኝም። ምን ልንሆን ነው?»

የፎርማኑ እርምጃ በኮሪደሩ ወደ እነሱ መምጣት ጀመረ፤ አዲሱ ወለል ላይ እያንዳንዱ ኮቴ ጎልቶ ይሰማል። ወንድሟ ወደዚያ ዞሮ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቀኝ ጫማውን ማሰሪያ ፈታ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን ወደ ታች ሳበና እግሩን በብርሃኑ ፊት አወጣው፤ የእሷ ሰማያዊ መስመሮች ጉብታው ላይ ገና አልለቀቁም። ኮቴው አጠገባቸው ሲደርስ እግሩን አልሸፈነም።